አንድ ስም፣ አምስት ዕቃ፦ ስኬትቦርድ ምንድን ነው? የትኛውስ ይሻላል?

ሱቅ ገብቶ «ስኬትቦርድ አለ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው አምስት የማይመሳሰሉ ዕቃዎች በአንድ ስም ሊቀርቡለት ይችላሉ። አንዱ ከደረጃ ላይ የሚዘለልበት ነው። አንዱ ዳቦ ቤት ድረስ የሚያደርስ ነው። ሌላው ሜዳና ቁልቁለት የሚፈልግ ረጅም ሳንቃ፣ አራተኛው ባትሪ የተገጠመለት ተሽከርካሪ፣ የመጨረሻው ደግሞ ስኬትቦርድ መስሎ የተሠራ መጫወቻ ነው። ብዙ ሰው የሚከስረው ውድ ወይም ርካሽ ስለገዛ አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራውን ስለገዛ ነው። አምስቱን ለመለየት ደግሞ ሳንቃው ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ጎማ ማየት ይበጃል።

ስሙና ዕቃው

«ቦርድ» ሳንቃ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። «ስኬት» የሚለው ግን የአማርኛ አንባቢን ያሳስታል። ከእኛው «ስኬት» ጋር በፊደል ከመግጠሙ በቀር ዝምድና የለውም። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከደችኛው «ስኻትስ» ነው፤ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ስለት የተገጠመለት ጫማ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» በደችኛ የቃሉ አካል ናት፤ እንግሊዞች ግን የብዙ ቁጥር ምልክት መስላቸው ቆረጧት። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ቃሉ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ሰው ቁመቱን ለማስረዘም የሚቆምበትን የእንጨት እግር የሚያመለክት ነበር። ፈረንሳይኛ ራሱ ዛሬ ለዕቃው «ባለ ትንንሽ ጎማ ሳንቃ» የሚል ስም አለው። ከሁሉም ግልጹ ስም ይህ ይመስለናል።

ዕቃው የተወለደው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በካሊፎርኒያ ነው። በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን እንዳይሰለቹ የሮለር ስኬትን (ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማን) ጎማ ነቅለው ሳንቃ ሥር መቱት። የመጀመሪያው ጎማ ብረት ነበር፤ በ1960ዎቹ ከሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ጎማ ተተካ። ሁለቱም አንድ ጠባይ ነበራቸው፦ ጠጠር ሲነካቸው ሳንቃው ይቆማል፣ ሰውየው ይቀጥላል። በየሰፈሩ ልጆች ከአሮጌ ኩሽኔት በሚሠሩት ጋሪ አስፋልት ላይ የሄደ ሰው ጥርስ የሚያንቀጫቅጨውን ንዝረት ያውቀዋል።

ሁለት ነገሮች ይህን ቀየሩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስወርዚ የተባለ ወጣት ዩሬቴን ከሚባል ላስቲክ መሰል ነገር የተሠራ ጎማ ለገበያ አቀረበ፤ ጠጠሩን ውጦ የሚያልፍ፣ አስፋልቱን የሚይዝ ጎማ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላሪ ስቲቨንሰን የተባለ ሳንቃ አምራች የሳንቃውን ጭራ ወደ ላይ አጥፎት ነበር። የታጠፈው ጭራ በእግር ሲረገጥ አፍንጫው ይነሳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አለን ጌልፋንድ የተባለ ስኬተኛ በፍሎሪዳ በዚህ ጭራ ተጠቅሞ ሳንቃውን በእጁ ሳይዝ ጠማማ ግድግዳ ላይ ዘለለበት፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌላው ስኬተኛ ሮድኒ ማለን ያንኑ ዝላይ በሜዳ ላይ ሠራው። ዝላዩ «ኦሊ» ይባላል፤ ዛሬ ያለው የጎዳና ስኬት ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

በሱቅ ውስጥ ያለው ልዩነት ከእነዚህ ከሁለቱ ይወጣል። ለስላሳው ጎማ ዕቃውን መጓጓዣ አደረገው፤ የታጠፈው ጭራ ደግሞ መዝለያ። ሁለቱን እኩል አሟልቶ የያዘ ሳንቃ የለም።

አካሉን በአጭሩ እናንሳው። አንድ ሳንቃ (ዴክ)፣ ላዩ ላይ እግር የሚይዝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ልጣፍ (ግሪፕ)፣ ከሥሩ ሁለት የብረት ትራክ፣ አራት ጎማ፣ በየጎማው ሁለት ሁለት በድምሩ ስምንት ኩሽኔት፣ ትራኩን ከሳንቃው የሚያያይዙ ስምንት ብሎኖች ከነዳዷቸው። ትራክ ማለት ዘንጉን ተሸክሞ ሳንቃው ሲያጋድል ጎማውን ወደ ዘመመበት የሚያዞረው ክፍል ነው፤ ይህን የሚያስችሉት መሐሉ ላይ ያሉት ሁለት ጎሚኒዎች ናቸው። ፍሬንና መሪ የለውም። እጀታ ካለው ስኩተር ነው። ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ሆኖ በሞተር ራሱን የሚያቆመው ደግሞ ሆቨርቦርድ ነው፤ ከስኬትቦርድ ጋር የሚያመሳስለው ቦርድ የሚለው ስሙ ብቻ ነው።

ጎማው ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች

ጥሩ ጎማ ላይ ሁለት ቁጥር ታትሞ ይገኛል፤ ለምሳሌ 52 እና 99 ኤ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት (ዲያሜትር፣ ማለትም ክቡ በመሐሉ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ) በሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለተኛው ጥንካሬው ነው። የጥንካሬው መለኪያ በደንቡ እስከ 100 ይሄዳል (101 ኤ ብለው የሚጽፉም አሉ)፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ደረቅ ነው። አንዳንድ አምራቾች ከ100 የሚዘለውን ጥንካሬ ለማሳየት በ«ቢ» ይጽፋሉ፤ ይህ መለኪያ በ20 ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ 84 ቢ ማለት 104 ኤ ያህል ነው። 84 የሚል አይቶ «ለስላሳ ነው» ብሎ የገዛ ሰው በጣም ደረቁን ይዞ ይሄዳል፤ ከቁጥሩ ኋላ ያለችውን ፊደል ሳያዩ አይክፈሉ።

ቁጥር ያልታተመበት ጎማ በራሱ መረጃ ነው። አምራቹ ስለ ጎማው የሚናገረው ነገር አልነበረውም ማለት ነው።

ጥንካሬው ለምን ለውጥ ያመጣል? ደረቅ ጎማ ጠጠር ላይ ሲወጣ ሳንቃውንና የሚነዳውን ሰው ክብደት አብሮ ማንሳት አለበት፤ ለዚያ የሚወጣው ኃይል ከፍጥነቱ ይቀነሳል። ለስላሳ ጎማ ጠጠሩ ላይ ይሰረጉድና ያልፋል፣ ሰውየው ከፍ ዝቅ አይልም። በሌላ በኩል ለዝላይ የለስላሳው ጠባይ ይጎዳል፤ ሲያርፍ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ ወደ ጎን መንሸራተት ሲያስፈልግ ደግሞ መሬቱን ሙጭጭ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ምን ላይ ነው የምሄደው?» የሚል ነው።

የተወለወለ ኮንክሪት፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ እንደተሠራው ዓይነት የኮንክሪት ስኬት ፓርክ ካለ ከ50 እስከ 54 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ97 እስከ 101 ኤ ጥንካሬ ይሄዳል። አዲስ አስፋልት ሁለቱንም ይችላል። ጠጠሩ ፈጦ የወጣበት አሮጌ አስፋልት ከ58 እስከ 65 ሚሊ ሜትርና ከ78 እስከ 85 ኤ ይፈልጋል። ኮብልስቶን ላይ ግን የሚሄድ ስኬትቦርድ የለም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢል እዚያ ሲደርሱ ወርዶ በብብት ይዞ መሄድ ነው። ከቤትዎ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ከሆነ የሚሸከሙት ክብደት ከመምረጫው አንዱ ይሆናል ማለት ነው፤ ረጅሙን ሳንቃ በየቀኑ 400 ሜትር መሸከም ያስመርራል።

የጎዳናው ሳንቃ

ሁለቱም ጫፉ የታጠፈ፣ ከ31 እስከ 32 ኢንች ርዝመት ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ንጣፎች ተጣብቆ የሚሠራ ነው። በኦሎምፒክ የሚታየው ይህ ነው፤ ስፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት በቶኪዮው ውድድር (በ2021 ተካሄደ) የሴቶችን የጎዳና ወርቅ ያገኘችው ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ 13 ዓመቷ ነበር።

ርዝመቱ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። የሚመረጠው ወርዱ ነው። የጫማ ቁጥሩ እስከ 38 ለሆነ ሰው 7.75 ኢንች፣ ከ39 እስከ 42 ለሆነ ከ8.0 እስከ 8.25፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ8.25 እስከ 8.5 ጥሩ መነሻ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከ7.0 እስከ 7.4 ያለው ይበቃል። ጠባቡ ቶሎ ይሽከረከራል፣ ሰፊው ሲያርፉበት ይታመናል። ጀማሪ በሁለት ልክ መካከል ከዋለለ ሰፊውን ይውሰድ እንላለን፤ ጀማሪ የሚወድቀው ሳንቃው ቶሎ ስላልዞረለት አይደለም፣ እግሩ ከሳንቃው ስለሚወጣ ነው።

ትራኩ ከሳንቃው ጋር መመጣጠን አለበት። የዘንጉ ጫፍ ከጫፍ ልክ ከሳንቃው ወርድ በሩብ ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) መብለጥም ማነስም የለበትም። ጎማው ከሳንቃው ጠርዝ ወጣ ካለ እግር ይነካዋል፤ በጣም ከገባ ደግሞ ሳንቃው ጠርዙ ሲረገጥ ይገለበጣል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ትንሹና ደረቁ ጎማ በሻካራ አስፋልት ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲሄድ እግር ያደነዝዛል። «ለትምህርት ቤት መመላለሻ» ብሎ ይህን ለልጁ የሚገዛ ወላጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ አልጋ ሥር ያገኘዋል።

ክሩዘር

ክሩዘር የመሄጃ ሳንቃ ነው። ከ22 እስከ 32 ኢንች ይደርሳል፤ ጎማው ከ58 እስከ 65 ሚሊ ሜትር፣ ለስላሳ ነው። ከኋላ ጭራ ስላለው ጠርዝ ለመውጣትና ለመታጠፍ ያገለግላል፤ ኦሊም ይሠራበታል፣ ግን ከብዶ ነው።

እዚህ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ የፕላስቲክ ሳንቃዎች በመልካቸው ብዙ ሰው ይማርካሉ፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ፣ ዝናብ አያበላሻቸውም። ሆኖም 22 ኢንች ርዝመትና ወደ 6 ኢንች የሚጠጋ ወርድ ለጀማሪ ጭንቅ ነው። «ትንሽ ስለሆነ ለልጅ ይቀላል» የሚለው ግምት ተቃራኒው ነው እውነቱ። ሁለቱ እግሮች ተቀራርበው ስለሚቆሙ ሚዛን የሚጠበቅበት ስፋት ያንሳል፤ ጎሚኒዎቹም ለስላሳ ስለሆኑ በትንሹ ይወዛወዛል። ፕላስቲክ ከፈለጉ 27 ኢንቹን ይውሰዱ። ከዚያ የሚሻለው ግን ከ28 እስከ 30 ኢንች የሆነ፣ ወርዱ ከ8 ኢንች የማያንስ የእንጨት ክሩዘር ነው።

ትልቅ ጎማ አንድ አደጋ ይዞ ይመጣል። በጠባብ መታጠፊያ ሳንቃው ሲያጋድል ሥሩ ጎማውን ይነካና ጎማው በድንገት ይቆማል፤ ሰውየው ወደ ፊት ይወነጨፋል። መከላከያው በትራኩና በሳንቃው መካከል የሚገባ የፕላስቲክ ወይም የላስቲክ ድጋፍ ነው። እስከ 54 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጎማ ድጋፍ ብዙም አያሻም፤ ከ55 እስከ 59 ለሆነ 3 ሚሊ ሜትር፣ ከ60 በላይ ለሆነ 6 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። ድጋፍ ሲጨመር ብሎኑም በዚያው መጠን መርዘም አለበት፤ የተለመደው የአንድ ኢንች ብሎን በወፍራም ድጋፍ ላይ ዳዶውን በሁለት ጥርስ ብቻ ይይዝና መንገድ ላይ ይረግፋል። ሳንቃው ሥር ጥቁር የጎማ ጭረት ካዩ ችግሩ ጀምሯል ማለት ነው።

ሎንግቦርድ

ከ33 ኢንች ጀምሮ 42ን አልፎ ይሄዳል። ጎማው ከ65 እስከ 75 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው ከ78 እስከ 83 ኤ አካባቢ ነው። ትራኩ ሰፊ ነው፤ በብዙዎቹ ዋናው ብሎን ወደ ውጭ ያጋደለ ስለሆነ በፍጥነት ላይ ይረጋጋል። ሳንቃው ረጅም ስለሆነ መቆም ለመማር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ዕድሜያቸው ከ30 ላለፈና መዝለል ለማያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የምንጠቁመው ይህንን ነው።

ትራኩ በሳንቃው ሥር ሳይሆን ሳንቃውን ቀዶ የሚያልፍበት ዓይነት አለ። ሳንቃው ወደ መሬት ስለሚቀርብ መግፋት ጉልበት አያደክምም። ለረጅም ሜዳማ መንገድ፣ ለምሳሌ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ለብስክሌት የተሠሩ ጎዳናዎች ላይ፣ የሚወዳደረው የለም።

የሎንግቦርድ ጠላት ቁልቁለት ነው፤ ግን ቁልቁለቱ ሳይሆን ልምድ ማነስ ይጎዳል ቢባል ይሻላል። በፍጥነት ላይ ሳንቃው በራሱ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። መነሻው የኋላው ትራክ ነው፤ ጀማሪ ሲፈራ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ያ ደግሞ የኋላውን ትራክ ይበልጥ ያወዛውዘዋል። መፍትሔው ፍርሃት ከሚለው ተቃራኒ ነው፦ ጉልበት አጥፎ ክብደትን በፊተኛው እግር ላይ መጣል። የኋላውን ትራክ ከፊተኛው በሩብ ዙር አጥብቆ መሄድም ያግዛል። አዲስ አበባን በመሰለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ደግሞ አንዱን እግር መሬት ላይ እየጎተቱ ፍጥነት መቀነስን ሳይለማመዱ ቁልቁለት መጀመር የለበትም። ጫማው ያልቃል፤ ይለቅ።

ባለ ባትሪው

እዚህ ላይ በአጭሩ እናልፋለን፤ ምክንያቱም የምርጫው ጉዳይ ሳንቃ መሆኑ ቀርቶ ባትሪ ይሆናል። አምራቾች የሚጽፉት ርቀት ቀላል ሰው በሜዳ ላይ በዝግታ ሲነዳ የተለካ ነው፤ ዳገት ላይ ግማሹን መጠበቅ ብልህነት ነው። ከውጭ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት የባትሪውን ዋት-ሰዓት (የሚይዘውን የኃይል መጠን) ያንብብ። በመንገደኞች አውሮፕላን እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ160 በላይ ያለው ጨርሶ አይፈቀድም። ብዙዎቹ ባለ ባትሪ ሳንቃዎች ከዚህ መስመር በላይ ናቸው፤ ኤርፖርት ላይ ደርሰው የሚቀሩትም በዚህ ነው። ባትሪ የሌለው ሳንቃ ግን በተራ ሻንጣ ደንብ ይሄዳል።

በአውሮፓ ለሚኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በብሪታንያ በሕዝብ መንገድም በእግረኛ መንገድም ባለ ሞተር ሳንቃ መንዳት አይፈቀድም፤ በጀርመንም እጀታ ስለሌለው ለኤሌክትሪክ ስኩተር በወጣው ፈቃድ ውስጥ አይገባም። ሱቁ መሸጡ መንዳት ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

መጫወቻውን መለየት

በልብስና በቤት ዕቃ መደብር ጥግ የሚደረደረው ርካሽ ሳንቃ ከሩቅ የጎዳናውን ይመስላል። በአምስት ደቂቃ ይለያል። ጎማውን ጥፍርዎን ጭነው ይዩት፤ የሚያንጸባርቅና እንደ ባልዲ የሚጮህ ፕላስቲክ ከሆነ ይተዉት። በጣት ያሽከርክሩት፤ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ቀጥ ካለ ኩሽኔቱ ደካማ ነው። ትራኩ ፕላስቲክ መሆን የለበትም፤ መሐሉ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ በመፍቻ የሚጠብቅና የሚላላ መሆን አለበት። ሳንቃውን መሬት ላይ አስቀምጠው ይቁሙበትና ወደ ግራና ቀኝ ያጋድሉ፤ የማይታጠፍ ከሆነ ለመማር አይጠቅምም። ልጁ «አልቻልኩም» ብሎ የሚተወው ብዙውን ጊዜ ሳንቃው አልችል ብሎት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ደህና የጎዳና ሳንቃ ከ80 እስከ 120 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ከዘመድ የሚያስልኩ ሰዎች «ስኬትቦርድ ላክልኝ» ከማለት ይልቅ ወርዱን፣ የጎማውን ሁለት ቁጥርና ዓይነቱን ጽፈው ይላኩ፤ አለዚያ ዘመድ በሱፐርማርኬት ያየውን ይዞ ይመጣል፣ ውለታው ላይ ደግሞ ቅሬታ ማቅረብ አይቻልም።

ሁለት ልብ ለሆነ ሰው

መዝለልም መሄድም የሚፈልግ፣ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? በመሐል ያለውን «ለሁሉም የሚሆን» የሚል ሳንቃ ከመግዛት ይልቅ የእኛ ምርጫ ይህ ነው፦ 8.25 ኢንች የጎዳና ሳንቃ ከደረቅ ጎማው ጋር ይግዙ፣ ተጨማሪ አራት ለስላሳ ጎማ (54 ወይም 56 ሚሊ ሜትር፣ 78 ኤ) ለብቻው ይግዙ። ጎማ መቀየር አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሁለተኛ ስምንት ኩሽኔት ካለ ደግሞ ጎማዎቹ ተዘጋጅተው ስለሚቀመጡ ከዚያም ያጥራል። ለስላሳዎቹ 56 ከሆኑ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩን ድጋፍ አይርሱ። በተቃራኒው፣ ክሩዘር ገዝቶ ደረቅ ጎማ መግጠም አያዋጣም፤ የሳንቃው ቅርጽ ለዝላይ አልተሠራም።

ዕቃው ሲያረጅ ምን ይተካል?

ይህ ክፍል ስኬት ሱቅ በቅርብ ለሌለው ሰው ከሁሉም ይጠቅማል። ኩሽኔቱ በዓለም ሁሉ አንድ ልክ ነው፤ ቁጥሩ 608፣ የውስጥ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ይኸው ኩሽኔት በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ ስለሚገባ ኩሽኔት የሚሸጡ መደብሮች ያውቁታል። ከቁጥሩ በኋላ «2 አርኤስ» የሚለው ክዳኑ ላስቲክ ነው፤ በመርፌ ተነስቶ ይጸዳል። «ዜድ ዜድ» የሚለው የብረት ክዳኑ የተጨፈለቀ ስለሆነ በቀላሉ አይከፈትም። የመደብሩ ኩሽኔት ወፍራም ግራሶ ስለሚሞላበት በጣት ሲሽከረከር ይዘገያል፤ ሰው ሲቆምበት ግን ደህና ይሄዳል። አቤክ የሚባለው የጥራት ቁጥር የፋብሪካ ማሽን ትክክለኛነት መለኪያ ነው፤ ለስኬት የተበጀ ስላልሆነ 9 ከ5 በእጥፍ ይፈጥናል ብሎ ተጨማሪ መክፈል ብክነት ነው።

ኩሽኔት በአልኮል ወይም በአሴቶን ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ይጣበቃል፤ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ብቻውን ደግሞ ያለውን ቅባት አጥቦ ቶሎ ይተናል።

የጎማው ዳዶ ግን ወጥመድ አለው። ዘንጉ በኢንች የተለካ ነው፤ ውፍረቱ 5/16 ኢንች ሲሆን ይህም 8 ሚሊ ሜትር ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ የመደብሩ 8 ቁጥር ዳዶ የሚገባ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን አይገጥምም። በጉልበት ካስገቡት የዘንጉን ጥርስ ይበላል፣ ያኔ የሚጣለው ትራኩ ነው። ጎማ ሲቀይሩ አራቱን ዳዶና ሮንዴላዎቹን እንደ ጌጥ ይጠብቁ። ሳንቃውን የሚይዙት ስምንት ብሎኖች ከጠፉ ግን ችግር የለም፤ ከራሱ ዳዶ ጋር የተገዛ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ርዝመቱ 25 ወይም 30 የሆነ፣ ይተካቸዋል።

ያገለገለ ሳንቃ ሲገዙ ጭራውን ይዩ። በመፋቅ ሹል ሆኖ ከሳሳ፣ ንጣፎቹ ከጠርዝ ከተላቀቁ፣ ወይም ብሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ሳንቃው አልቋል፤ ትራኩና ጎማው ጥሩ ከሆኑ ግን ለእነሱ ሲባል ብቻ መግዛት ያዋጣል። ትራክ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ሳንቃ ይቀብራል። በክረምት ዝናብ የራሰ ሳንቃ ሙጫው ስለሚለቅ ደርቆም እንኳ ጭራው እንደ ካርቶን ይሆናል፤ በጣት ኮረኮም ቢያደርጉት ደረቅ ድምፅ ሳይሆን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ከሳንቃው ጋር አብሮ የሚገዛ

ሄልሜት ሲመርጡ ውስጡ ያለውን ምልክት ያንብቡ። በአውሮፓ ኢኤን 1078 የሚለው ለብስክሌትም ለስኬትም ይሠራል፤ በአሜሪካ ኤኤስቲኤም ኤፍ 1492 የሚለው ለስኬት የወጣ ነው። ከቅንድብ ከሁለት ጣት በላይ ከፍ ብሎ የተደረገ ሄልሜት ከጌጥነት አያልፍም። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ ከጉልበት መከላከያ በፊት የእጅ አንጓ መከላከያ ይግዙ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስኬት እንዳይነዱ፣ ከስድስት እስከ አሥር ያሉት ደግሞ አዋቂ በቅርብ እየተከታተላቸው እንዲነዱ ይመክራል።

አዲሱ ሳንቃ ቤት ከገባ በኋላ መፍቻ ይቅረብ። የጎማው ዳዶ እስኪቆም ይጠብቅና ሩብ ዙር ይላላ፤ ጎማው ወደ ጎን በጣም ትንሽ ሲንቀሳቀስ ልክ ነው፣ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ኩሽኔቱ ታንቋል። የትራኩ ትልቁ ዳዶ በየጊዜው በሩብ ዙር ብቻ ይስተካከል፤ ጎሚኒው ከሮንዴላው አልፎ ከተጨፈለቀ ከልክ በላይ ጠብቋል፣ እንዲህ አጥብቀውም ሳንቃው የሚወዛወዝ ከሆነ መግዛት ያለብዎት ደረቅ ጎሚኒ ነው። ስምንቱ ብሎኖች ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሁልጊዜ ይላላሉ፤ እንጨቱ በብሎኑ ራስ ሥር ስለሚሰረጉድ ነው። በሰባተኛው ቀን አንዴ ያጥብቋቸው፣ የብሎኑ ራስ ከግሪፑ ጋር እኩል ሲሆን ያቁሙ።